ካፓሲተሩ ለምን «አልሞላም» ይላል? የጊዜ ቋሚን በቴስተርና በሰዓት የመለካት ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ሬድዮና ሪሲቨር ከምጠግንበት ጠረጴዛ ጎን አንዲት ዱካ አለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች እሷ ላይ ቁጭ ይሉና ያንኑ ጥያቄ ያነሳሉ። «ጋሼ፣ አስልቼ 47 ሰከንድ አገኘሁ። 47 ሰከንድ ጠበቅኩ። ካፓሲተሩ ግን አልሞላም፤ 5 ቮልት ከምናምን ላይ ቆሟል። ተበላሽቶ ይሆን?»

አብሽሩ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ካፓሲተሩም፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ጤነኛ ነው። ያልተገባው ቁጥሩ ምን እንደሚል ነው። ታይም ኮንስታንት ወይም የጊዜ ቋሚ የሚባለው ካፓሲተሩ ሞልቶ የሚያልቅበት ጊዜ አይደለም። በባትሪውና በካፓሲተሩ መካከል ከቀረው የቮልት ልዩነት 63.2 በመቶው የሚዘጋበት ጊዜ ነው። «ከቀረው» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። አብዛኛው ስህተት እሷን ዘሎ ከማለፍ ይመጣል።

ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ለኩት። አንድ ሰዓት ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ከሌለ ስድስት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ደርድሩ። እንዲያውም ይሄ ይሻላል፤ በኋላ ግማሹን ማውጣት ትችላላችሁ።
- 16 ወይም 25 ቮልት የተጻፈበት ባለ 1000 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር።
- ሦስት ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ)፦ 10 ኪሎ ኦም፣ 47 ኪሎ ኦም፣ 100 ኪሎ ኦም።
- አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ለማራገፊያ ብቻ።
- ዲጂታል ቴስተር።
- ሰዓት ቆጣሪ ያለው ስልክ። ሁለት ስልክ ከተገኘ በጣም ጥሩ።
- ሞርሴቶ ወይም ብሬድቦርድ፣ አጫጭር ሽቦ፣ ካቻቢቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ለምን እነዚህን ቁጥሮች መረጥኩ? ዓይን ሊከታተለው የሚችል ፍጥነት ስለሚሰጡ ነው። ባለ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ1 ኪሎ ኦም ጋር ብታያይዙ የጊዜ ቋሚው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ቴስተሩ ቁጥር ሳይቀይር ነገሩ አልቋል። እናንተም «አይሠራም» ብላችሁ ትነሳላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካፓሲተሩን ከአሮጌ ዕቃ ለምትነቅሉ

ብዙዎቻችሁ ዕቃ የምታገኙት ከሞተ ሪሲቨር ወይም ከቻርጀር ሆድ ነው። ክፋት የለውም። ነገር ግን 400 ቮልት የተጻፈበትን ወፍራም ካፓሲተር አትንኩ። እሱ በቀጥታ ከ220 ቮልቱ መስመር የሚሞላ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እሱን እንዴት እንደምታራግፉት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ግን ቦርዱን ወደ ጎን አስቀምጡት።

ይህንን ልምምድ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም አትሞክሩ። ባትሪ ብቻ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አንድ በአንድ ለኩ

ቀለም አይቶ ማመን አያዋጣም። 47 ኪሎ ኦም ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ነው። 4.7 ኪሎ ኦም ደግሞ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ። መብራት ሄዶ በስልክ ብርሃን ስታዩት ብርቱካናማውና ቀዩ አንድ ይመስላሉ። በአንዱ ቀለም ምክንያት መልሱ አሥር እጥፍ ይዛባል። ስለዚህ፦

1. ሬዚስተሩን ከምንም ነገር ጋር ሳታገናኙ ለብቻው ለኩት።
2. ሁለቱንም እግሮቹን በጣታችሁ አትያዙ። ሰውነታችሁም ከረንት ያሳልፋል፤ በተለይ 100 ኪሎ ኦም ላይ ንባቡን ዝቅ ያደርግባችኋል።
3. ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉ። 46.3 ከሆነ 46.3 ብላችሁ ጻፉ እንጂ 47 አትበሉ።
4. የባትሪውን ቮልት ለኩና ጻፉ። ላዩ ላይ 9 ቢልም አዲስ ከሆነ ከፍ፣ ያገለገለ ከሆነ ዝቅ ይላል።

የካፓሲተሩን ትክክለኛ መጠን ብዙ ርካሽ ቴስተሮች አይለኩም። ቴስተራችሁ ካልቻለ ግድ የለም፤ በሌላ በኩል ራሱ የጊዜ ቋሚው ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ አስሉ

ታው = ሬዚስታንስ × ካፓሲታንስ። «ታው» የጊዜ ቋሚው መጠሪያ የሆነ የግሪክ ፊደል ነው።

ሬዚስታንሱን በኦም፣ ካፓሲታንሱን በፋራድ አስገቡ፤ መልሱ በሰከንድ ይመጣል።

47 ኪሎ ኦም = 47,000 ኦም
1000 ማይክሮ ፋራድ = 0.001 ፋራድ
47,000 × 0.001 = 47 ሰከንድ

ዜሮ መቁጠር ለሚሰለቸው አቋራጭ አለ። ኪሎ ኦምን በማይክሮ ፋራድ አባዙ፤ መልሱ በሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ለሺህ አካፍሉና ሰከንድ አድርጉት። ሜጋ ኦምን በማይክሮ ፋራድ ካባዛችሁ ግን መልሱ በቀጥታ ሰከንድ ነው።

«ለሺህ አካፍሉ» የምትለዋን የረሳ አንድ ተማሪ 47,000 ሰከንድ ብሎ መጣ። አሥራ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ሻይ አዘዝኩለትና «እንግዲህ ጠብቅ» አልኩት።

ደረጃ 3፦ ግጠሙ

1. ካፓሲተሩን አገላብጡና ጎኑ ላይ ያለውን መስመር ፈልጉ። መስመሩ ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው። አዲስ ከሆነ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ከቦርድ የተነቀለ ከሆነ ግን እግሩ ስለተቆረጠ በመስመሩ ብቻ ተመሩ።
2. የሬዚስተሩን አንድ ጫፍ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ጋር በሞርሴቶ እሰሩ።
3. የካፓሲተሩን ኔጋቲቭ እግር ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ።
4. ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ገመድ በካፓሲተሩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ላይ አሳርፉ።
5. ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣውን ሽቦ ለጊዜው ክፍት ተዉት። ማብሪያችሁ እሱ ነው።

ካፓሲተሩን ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በዚህ ቮልትና በ47 ኪሎ ኦም በኩል ጉዳቱ ትንሽ ነው። ልማዱ ግን አደገኛ ስለሆነ ከአሁኑ ሁለት ጊዜ ማየት ልመዱ።

ደረጃ 4፦ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጉ

ይህችን ደረጃ የሚዘል ሰው በየሙከራው የተለያየ መልስ ያገኛል። ባለ 1 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፋችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። የራሱ የጊዜ ቋሚ 1 ሰከንድ ስለሆነ 10 ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው።

ሬዚስተሩን አንሱና ቴስተሩን ተመልከቱ። ከ0.02 ቮልት በታች መሆን አለበት። አንዳንዴ ባዶ ያደረጋችሁት ካፓሲተር ቀስ ብሎ ትንሽ ቮልት ሲያወጣ ታዩታላችሁ። ውስጡ የቀረ ቻርጅ ነው። ድጋሚ አራግፉት።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱና ሽቦው

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአንድ እጅ ሽቦ ለማገናኘት፣ በሌላው ሰዓት ለማስጀመር ይሞክራሉ። ሁለቱ በፍጹም አይገጥሙም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቴስተሩንና የሰዓት ቆጣሪውን ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጡ።
2. በሌላው ስልክ ሁለቱን አንድ ላይ ቪዲዮ መቅረጽ ጀምሩ።
3. ሰዓቱን አስጀምሩ። ሽቦውን ገና አታገናኙ።
4. ሰዓቱ ልክ 10 ሰከንድ ሲል ሽቦውን ከሬዚስተሩ ነጻ ጫፍ ጋር አገናኙ።
5. እስከ 250 ሰከንድ ድረስ አትንኩት።
6. ቪዲዮውን መልሳችሁ እያያችሁ በየ10 ሰከንዱ ቮልቱን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሰዓት ላይ 10 ቀንሱ።

ሁለተኛ ስልክ ከሌለ ጓደኛ አምጡ። አንዱ «አሥር! ሃያ!» እያለ ይጥራ፣ ሌላው ቮልቱን ይጻፍ። የሚጠራው ሰው ቴስተሩን ማየት የለበትም። ካየ ቁጥሩ «እስኪደርስ» ይጠብቃል፤ ሰው ነውና።

ሽቦው ሲነካና ሲለቅ ከተንቀጠቀጠ ሙከራውን ሰርዙት። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ 63.2 በመቶውን ፈልጉ

የለካችሁትን የባትሪ ቮልት በ0.632 አባዙ። ባትሪው 9.0 ከሆነ 5.69 ነው። 9.3 ከሆነ 5.88 ነው። አሁን ከጻፋችሁት ውስጥ ቮልቱ እዚያ የደረሰበትን ሰከንድ ፈልጉ። የጊዜ ቋሚያችሁ እሱ ነው።

ለ9 ቮልትና ለ47 ሰከንድ ሊታይ የሚገባው ይሄ ነው፦

- በ47 ሰከንድ፦ 5.69 ቮልት፤ የቀረው 3.31
- በ94 ሰከንድ፦ 7.78 ቮልት፤ የቀረው 1.22
- በ141 ሰከንድ፦ 8.55 ቮልት፤ የቀረው 0.45
- በ188 ሰከንድ፦ 8.84 ቮልት፤ የቀረው 0.16
- በ235 ሰከንድ፦ 8.94 ቮልት፤ የቀረው 0.06

በግራ ያለውን ቮልት ትታችሁ «የቀረው» የሚለውን ብቻ ወደ ታች አንብቡ። በየ47 ሰከንዱ ከቀረው ላይ 63.2 በመቶው ይነሳል፤ 36.8 በመቶው ይተርፋል። ከተረፈው ላይ እንደገና 63.2 በመቶው ይነሳል። ቋሚ የተባለው ይሄ ነው። የሚጨመረው ቮልት ቋሚ አይደለም፤ ከቀረው ላይ የሚነሳው ድርሻ ነው ቋሚው።

በስሌት ደረጃ ካፓሲተሩ ጨርሶ ሞልቶ አያልቅም። በተግባር ግን ከ5 የጊዜ ቋሚ በኋላ 99.3 በመቶ ስለደረሰ ባለሙያው «ሞልቷል» ብሎ ይሄዳል። እናንተም የጊዜ ቋሚውን በ5 አባዙና ሂዱ።

ታዲያ 47ቱ ሰከንድ ከየት መጣ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭነት ይዞ የሚወጣ አይሱዙ አስቡ። ሜዳው ላይ በያዘው ፍጥነት እስከ ደሴ ቢዘልቅ ኖሮ ቶሎ ይገባ ነበር። ሐረጎ ዳገት ላይ ግን እያቃሰተ ይሄዳል። ካፓሲተሩም ሲጀምር በያዘው ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ ልክ በ47ኛው ሰከንድ 9 ቮልት ላይ ቁጭ ይል ነበር። አይቀጥልም። በሞላ ቁጥር ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል። መጀመሪያ 0.19 ሚሊ አምፔር የነበረው 47ኛው ሰከንድ ላይ 0.07 ብቻ ነው። «ለምን አልሞላም?» የሚለው ልጅ በሜዳ ፍጥነት ሐረጎን ያሰላ ሾፌር ነው።

63.2 ራሱ ከ2.718 የመጣ ቁጥር ነው፤ 1 ሲካፈል ለ2.718 ወደ 0.368 ይሰጣል፣ እሱ ከ1 ሲቀነስ 0.632። ፈተና ላይ ካልተጠየቃችሁ ከዚህ በላይ አትጨነቁበት።

ደረጃ 7፦ አራግፉትና ድጋሚ ለኩ

በመጀመሪያ ካፓሲተሩ በደንብ ይሙላ። ቢያንስ 4 ደቂቃ። አቦል ከደረሰ ጠጡ።

1. የባትሪውን ፖዘቲቭ ሽቦ ከሬዚስተሩ አላቁና አርቃችሁ አስቀምጡ። ይህንን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ ከሄዳችሁ ባትሪውን ሾርት ታደርጉታላችሁ።
2. እንደ ቅድሙ ሰዓቱን አስጀምሩ፤ ቪዲዮውንም።
3. ሰዓቱ 10 ሲል የሬዚስተሩን ነጻ ጫፍ ከካፓሲተሩ ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ።
4. ቮልቱ ወደ 36.8 በመቶ የወረደበትን ሰከንድ ፈልጉ። ከ9 ቮልት ከተነሳችሁ 3.31 ነው።

እዚህ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው፣ ሲራገፍም 5.69 ላይ ሰዓት መቁረጥ ነው። 63.2 በመቶው የሄደው ነው እንጂ የቀረው አይደለም። ሁለተኛው፣ ባትሪውን ማውጣት ብቻ ይበቃል ብሎ ማሰብ ነው። መሄጃ መንገድ ካልሰጣችሁት ቻርጁ እዚያው ይቀመጣል።

ደረጃ 8፦ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ድገሙ

መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ለኩ። የግምት ወረቀቱን አትዝለሉት፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ነው።

1. ሬዚስተሩን 100 ኪሎ ኦም አድርጉ። 100 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት።
2. 10 ኪሎ ኦም አድርጉ። 10 ሰከንድ። እዚህ ላይ ያለ ቪዲዮ አትድከሙ።
3. ወደ 47 ተመለሱና ሌላ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በትይዩ ጨምሩ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይሁን። 94 ሰከንድ።
4. ካፓሲተሩን አንድ አድርጉና ከስድስቱ ባትሪ ድንጋይ ሦስቱን አውጡ። አሁን 4.5 ቮልት ነው።

አራተኛው ላይ እስከ ዛሬ የጠየቅኳቸው ልጆች አብዛኞቹ «ግማሽ ጊዜ ይወስዳል» ይላሉ። አይወስድም። ያው 47 ሰከንድ ነው። ባትሪው ግማሽ ሲሆን መሄድ ያለበት መንገድ ግማሽ ይሆናል፤ የሚገፋውም ኃይል ግማሽ ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ ቮልት የለም።

በቡና አስቡት። አንድ ዓይነት ሲኒ፣ ከአንድ ዓይነት ጀበና የተቀዳ። አንዱን ጦሳ ሥር በደሴ ብርድ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ አስቀምጡ። ነፋስ ካልገባ ሁለቱም በእኩል ጊዜ ውስጥ፣ ከየአካባቢያቸው ሙቀት ጋር ካላቸው ልዩነት እኩል ድርሻ ያህል ይጥላሉ። የደሴው በዲግሪ ሲቆጠር ብዙ ወርዷል፤ ምክንያቱም የሚሄድበት ሩቅ ነው። ድርሻው ግን ያው ነው።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ቮልቱ ጨርሶ አይነሳም። ሽቦው ሞርሴቶው ውስጥ ፕላስቲኩ ላይ ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ ልጣጩን አይታችሁ አጥብቁ። ካልሆነ ካፓሲተሩ ውስጡ ሾርት ሆኗል። ከሽቦዎቹ አላቃችሁ፣ አራግፋችሁ በኦም ለኩት። ጤነኛው ንባቡ ከትንሽ ተነስቶ እየጨመረ ይሄዳል። ሾርት የሆነው ዜሮ አካባቢ ይቀራል።

ወዲያው 9 ቮልት ይላል። ወይ ሬዚስተሩ ተዘሏል፣ ወይ የካፓሲተሩ እግር አልነካም። ካፓሲተር የሌለበት ቴስተር የባትሪውን ቮልት በሬዚስተሩ በኩል ወዲያው ያነባል። ልጆች ይህንን አይተው «በጣም ፈጣን ካፓሲተር» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በ5 ሰከንድ አካባቢ 63 በመቶ ይደርሳል። 4.7 ኪሎ ኦም ነው የገጠማችሁት። ብርቱካናማና ቀይ፣ አላልኳችሁም?

ከ8.6 ቮልት አያልፍም። ይሄ በጣም የሚያደናግረው ነው። ጥፋቱ የቴስተሩ ነው። ቴስተር ራሱ ሬዚስተር ነው። ደህና ዲጂታል ቴስተሮች 10 ሜጋ ኦም አላቸው፤ ከ47 ኪሎ ኦም አጠገብ አይታወቁም። ርካሾቹ ግን ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ናቸው። ያኔ ካፓሲተሩ የሚደርሰው 9 ላይ ሳይሆን 8.60 ላይ ነው። የጊዜ ቋሚውም ከ47 ወደ 45 ይወርዳል። በመርፌ የሚሠራው አሮጌ ቴስተር ደግሞ ይብሳል፤ 10 ቮልት መስመር ላይ 200 ኪሎ ኦም የሆነው ዓይነት ንባቡን 7.3 ቮልት አካባቢ ያቆመዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንድ፦ ቮልቱ መጨመር ሲያቆም ያለውን ቁጥር እንደ መጨረሻ ውሰዱና 0.632ን በእሱ አባዙ። ሁለት፦ ትንሽ ሬዚስተር ተጠቀሙ። በ10 ኪሎ ኦም የ1 ሜጋ ኦሙ ቴስተር ስህተት 1 በመቶ ብቻ ነው።

የቴስተራችሁን ዓይነት ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ካፓሲተሩን ሙሉና ከቴስተሩ በስተቀር ሁሉንም አላቁ። በ1 ደቂቃ ውስጥ 9 ቮልቱ ወደ 8.5 ከወረደ 1 ሜጋ ኦም ነው። ከ8.9 በላይ ከቆየ 10 ነው።

ጊዜው ከስሌቱ ይለያል፣ ሁሌም ግን ያው ነው። 52 ሰከንድ አገኛችሁ እንበል። አልተሳሳታችሁም። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከተጻፈበት በ20 በመቶ መለየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከ38 እስከ 56 ሰከንድ ድረስ ያለው ሁሉ ጤና ነው። 52ን ለለካችሁት ሬዚስታንስ አካፍሉት፤ 52 ÷ 47,000 ወደ 0.0011 ፋራድ፣ ማለትም 1100 ማይክሮ ፋራድ ነው። ቴስተራችሁ መለካት ያልቻለውን ለካችሁ።

ጊዜው በየሙከራው ይለያያል። ካፓሲተሩን ባዶ ሳታደርጉ እየጀመራችሁ ነው። ከ2 ቮልት ከተነሳችሁ የቀረው 7 ነው፤ 63.2 በመቶው 4.42 ነው፤ መድረሻችሁ 6.42 እንጂ 5.69 አይደለም። ወይ እንዲህ አስሉ፣ ወይ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ካፓሲተሩ ለዓመታት ያልተነካ ነው። ያፈሳል። ቮልቱ ሊሞላ ሲቃረብ ይቆማል። ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ትንሽ ቆዩለት፤ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ካልተሻሻለ ጣሉት።

ካፓሲተሩ ሞቀ ወይም አናቱ አበጠ። ባትሪውን ወዲያው አላቁ። ፊታችሁን አርቁ። ገልብጣችሁታል። ያበጠ ካፓሲተር ተመልሶ ሥራ ላይ አይውልም።

ኮይል ከሆነ

በአጭሩ። ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ላይ ቀስ እያለ የሚያድገው ቮልት ሳይሆን ከረንት ነው፤ ቀመሩም ይገለበጣል፦ ታው = ኢንዳክታንስ ÷ ሬዚስታንስ። እዚህ ሬዚስታንስ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። 100 ሚሊ ሄንሪ ከ50 ኦም ጋር 2 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሰዓት አትሞክሩት፣ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ፈጣን የቮልት ለውጥን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ይፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከረንት የያዘ ኮይል በድንገት ሲቋረጥ ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሆነ ቮልት ይወረውራል። የብዙ ቤንዚን መኪኖች ካንዴላ እሳት የሚያወጣው በዚሁ ነው።

አሁን ወደዚያ ሪሲቨር

ወደ ጎን ያስቀመጥነውን ቦርድ አምጡ። 400 ቮልት የተጻፈበት ወፍራሙ ካፓሲተር 47 ማይክሮ ፋራድ ነው እንበል። ከ220 ቮልት መስመር የተሞላ እስከ 311 ቮልት ይይዛል። ያጠራቀመው ኃይል ከልምምዱ ካፓሲተር 50 እጥፍ ይበልጣል። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህንኑ በካቻቢቴ ሾርት አድርጌ አራገፍኩት። ጆሮዬ ጮኸ፣ የካቻቢቴው ጫፍ ተቦርቡሮ ቀረ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እንዲህ ነው የሚደረገው፦

1. ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፤ ንቀሉ።
2. 100 ኪሎ ኦም፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ፈልጉ። ለልምምዱ የተጠቀማችሁበት ቀጭኑ አይሆንም። ሁለት እግሮቹ ላይ ሽፋን ያለው ሽቦ እሰሩና ባዶውን ቦታ በናስትሮ ጠቅልሉ። ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ብረት ይታይ።
3. አስሉ። 100 ኪሎ ኦም × 47 ማይክሮ ፋራድ = 4,700 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም 4.7 ሰከንድ። ሲባዛ በ5፣ 23.5 ሰከንድ።
4. ሽቦዎቹን ሽፋናቸው ላይ ይዛችሁ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፉ። ሌላው የሰውነታችሁ ክፍል ቦርዱን አይንካ።
5. 30 ሰከንድ ቁጠሩ። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ 5 የጊዜ ቋሚው 50 ሰከንድ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ።
6. ቴስተሩን ከፍተኛው የዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩ። 2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ማየት አለባችሁ።

ከ10 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ሬዚስተሩ አልነካም ወይም ተቃጥሏል። ቦርዱን ሳትነኩ ሬዚስተሩን ለብቻው በኦም ለኩትና እዚሁ ዝርዝር ላይ ካለው ቁጥር 4 ጀምሩ።